ስለ ጠብታና ስለ ብናኝ፤ በአየር ለሚተላለፉ ተውሳኮች የወጣው አዲስ አጠራር ሲመረመር

የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024) በአየር አማካይነት የሚተላለፉ ተውሳኮችን አጠራር የሚመለከት አንድ ሰነድ አውጥቷል። ሰነዱ አዲስ ቫይረስ መገኘቱን ወይም አዲስ መድኃኒት መሠራቱን የሚያበሥር አይደለም፤ ሥራው ቃላትን መወሰን ብቻ ነው። ለዚሁ ሥራ ከ2021 እስከ 2023 ድረስ ሐኪሞች፣ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና የወረርሽኝ ተመራማሪዎች ሲመካከሩ ቆይተዋል፤ የአፍሪካ፣ የቻይና፣ የአውሮፓና የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋማትም ሐሳባቸውን ሰጥተዋል። ለጥቂት ቃላት ሲባል ይህን ያህል ሰው መድከሙ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በ2020 ስንቱ ሰው እጁን ደጋግሞ እየታጠበ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ታጭቆ እንደ ተቀመጠ የሚያስታውስ፣ ጉባኤው ዘገየ ይል ይሆናል እንጂ አላስፈላጊ ነበር አይልም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎ ይለያል።)

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው፣ ሰነዱ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተሰምሮ የኖረውን የውሸት መስመር እንደ ፋቀልን፣ ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ ተመሥርቶ ያደገውን ልማድ ሳይነካው እንዳለፈ ነው።

መስመሩን የማያውቅ የጤና ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከሰው አፍና አፍንጫ የሚወጣው እርጥበት በሁለት ይከፈላል፤ ከ5 ማይክሮን የሚበልጠው «ጠብታ» ነው፤ ከዚያ የሚያንሰው «ብናኝ» ነው እንባላለን። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ጠብታው ክብደት ስላለው ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ሳያልፍ መሬት ይወድቃል፤ ብናኙ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ በብናኝ ይተላለፋሉ፤ ኢንፍሉዌንዛና ተራው ጉንፋን ግን በጠብታ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ልዩ ክፍልና ልዩ ጭምብል ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛዎቹ ራቅ ብሎ መቆምና እጅን መታጠብ ይበቃል። ትምህርቱ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው።

እውነት አለመሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንዲት ቅንጣት በጸጥተኛ አየር ውስጥ ምን ያህል ፈጥና እንደምትወድቅ የሚነግረውን የስቶክስን ሕግ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ያውቀዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ማለትም ከቆመ ሰው አፍ ግድም የተለቀቀች የ100 ማይክሮን ጠብታ መሬት ለመድረስ 5 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል። የ5 ማይክሮኗ ግን 33 ደቂቃ ትቆያለች፤ የ1 ማይክሮኗ ደግሞ 12 ሰዓት ያህል። ይህም አየሩ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ነው፤ ሰው በሚመላለስበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ አየር የለም። እንግዲህ ግማሽ ሰዓት በአየር ላይ የምትቆይ ነገር በሁለት ሜትር ውስጥ ትወድቃለች ብሎ ማስተማር እንዴት ተቻለ? መውደቅና መንሳፈፍ የሚለዩበት ድንበር የሚገኘው 5 ማይክሮን ዘንድ ሳይሆን ወደ 100 ማይክሮን ግድም ነው። ስሕተቱ የሃያ እጥፍ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት በድልድይ ሥራ ላይ ቢደረግ መሐንዲሱ ይከሰስ ነበር።

ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አሜሪካዊው የጤና ሹም ቻርልስ ቻፒን በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሽታ ከክፉ አየር ይመጣል የሚለውን ጥንታዊ እምነት ለመንቀል ብዙ ደከመ። በዘመኑ ትክክለኛ ትግል ነበር፤ ሰዎች ንክኪንና ቆሻሻን ችላ ብለው ሽታን ብቻ ይፈሩ ነበርና። ነገር ግን ከክፉ አየር ጋር አየሩን በሙሉ ከክሱ ነፃ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በአየር ይተላለፋል የሚል ሁሉ ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ ይቆጠር ጀመር። በ1934 ዊልያም ፈርዝ ዌልስ የተባለ የሐርቫርድ መሐንዲስ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ፤ ጠብታ ሳይደርቅ ይወድቃል ወይስ ሳይወድቅ ይደርቃል? መልሱ እንደ መጠኑ ነው፤ ትልቁ ሳይደርቅ ይወድቃል፤ ትንሹ ግን ገና ሳይወድቅ ውኃው ይተንና በውስጡ ያለው ጨው፣ ንፍጥና ተውሳክ እንደ ደረቀ አስኳል ተንሳፍፎ ይቀራል። ዌልስ ድንበሩን ያኖረው ወደ 100 ማይክሮን ግድም ነበር። የሚሰማው ግን ጥቂት ነበር።

ታዲያ 5 ማይክሮን ከወዴት መጣ? በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ራይሊ ከዌልስ ጋር ሆኖ በባልቲሞር ከተማ አንድ ብርቱ ሙከራ አደረገ። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙበት የ6 አልጋ ክፍል የሚወጣውን አየር በቧንቧ እየሳበ፣ ጣሪያ ላይ ወዳለ የጊኒ ፒጎች ቤት እንዲገባ አደረገ። እንስሶቹ ሕሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም፤ የጋራቸው የነበረው አየሩ ብቻ ነው። ታመሙ። የሳንባ ነቀርሳ ባሲል ሰውን ለመያዝ በሳንባ መጨረሻ ወዳሉት የአየር ከረጢቶች መድረስ አለበት፤ እዚያ የሚደርሱት ደግሞ ከ5 ማይክሮን ያነሱት ናቸው። ካተሪን ራንዳልና ባልደረቦቻቸው በ2021 የቆዩ ጽሑፎችን መርምረው እንዳስረዱት፣ ምን ያህል ጥልቅ ይገባል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው ይህ ቁጥር፣ ምን ያህል ሩቅ ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ተወሰደ። አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየገለበጠ ቁጥሩ ቀኖና ሆነ። ለእኛ ለተማሪዎች የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው መገልበጡ ይመስለኛል፤ ምንጩን ልፈትሽ ያለ ሰው ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበርና።

የተከፈለው ዋጋም ቀላል አይደለም። መጋቢት 10 ቀን 2020 በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በስካጂት አውራጃ 61 መዘምራን ለሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ ተሰበሰቡ። በመካከላቸው የታመመው አንድ ሰው ነበር፤ በኋላ ሲቆጠር 53 ሰዎች ታምመው ተገኙ፤ ሁለቱ ሞቱ። አንድ ሰው ሃምሳ ሰዎች ላይ በሁለት ሜትር ውስጥ ጠብታውን ሊረጭባቸው አይችልም። ይህ ከሆነ 18 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም ሲል ለሕዝብ አስታወቀ። በሐምሌ ወር 239 ሊቃውንት የደገፉት፣ ሊዲያ ሞራቭስካና ዶናልድ ሚልተን የጻፉት የተቃውሞ ደብዳቤ ወጣ። ድርጅቱ ቃሉን በግልጽ ለመናገር እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ወስዶበታል።

አሁን ወደ ሰነዱ ልመለስ። ሰነዱ 5 ማይክሮንን ጨርሶ አውጥቶ ጥሎታል። የሚወጣው ሁሉ «ተላላፊ የትንፋሽ ቅንጣት» ይባል፤ መጠኑም ከትንሹ እስከ ትልቁ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው እንጂ አጥር የለውም ይላል። ከዚያ በኋላ መተላለፊያውን የሚለየው በመጠን ሳይሆን በሚደርስበት መንገድ ነው፤ ቅንጣቱ ከአየር ጋር ተስቦ ወደ ውስጥ ከገባ «በትንፋሽ መሳብ» ነው፤ በቀጥታ ተፈናጥሮ በአፍ፣ በአፍንጫ ወይም በዓይን ላይ ካረፈ «በቀጥታ ማረፍ» ነው። ይህ አከፋፈል ከድሮው እጅግ ይሻላል። መነሻው የሰው ሰውነት ነውና፤ ሰው ወይ ይተነፍሳል ወይ ይረጭበታል፤ የትንፋሹን መጠን በማይክሮን የሚለካ ሰው የለም።

ሆኖም ሰነዱ ሁለቱን መንገዶች እንደ ሁለት እኩያ ወንድማማቾች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። እኩያ ናቸውን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የአየር ቧንቧችን አሠራር ራሱ ነው።

ሰው ሲተነፍስ በሳንባው ጥልቅ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገጥማሉ፤ መልሰው ሲከፈቱ በመካከላቸው የተዘረጋው ስስ ፈሳሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይፈነዳና እጅግ ረቂቅ ብናኝ ይረጫል። ሲናገርና ሲዘምር ደግሞ የድምፅ አውታሮቹ እየተገናኙ ሲርገበገቡ ከማንቁርት ሌላ ብናኝ ይነሣል። ከምላስና ከከንፈር የሚፈናጠሩት ትልልቆቹ ናቸው፤ በዓይን የሚታዩትም እነዚሁ ብቻ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የተከሰሱትም ስለ ታዩ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ በ2021 በሲንጋፖር በ22 የኮቪድ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሕሙማኑ ሲተነፍሱ፣ ሲያወሩና ሲዘምሩ ከተሰበሰበው ብናኝ ውስጥ የተገኘው የቫይረስ ዘር 85 በመቶ ያህሉ የነበረው ከ5 ማይክሮን በማይበልጡት ውስጥ ነው። ትንሹ ዕቃ ትልቁን ጭነት ይዞ ተገኘ ማለት ነው።

በተቀባዩም በኩል እንዲሁ ነው። ትልልቆቹ ቅንጣቶች በአፍንጫ ጠጕርና ንፍጥ ይያዛሉ፤ ካለፉም በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮች ንፍጡን እንደ ጅረት ወደ ላይ እየገፉ ወደ ጉሮሮ ይመልሱታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ትንንሾቹ ግን እስከ ታች ይዘልቃሉ። ቫይረስ ደግሞ በደረሰበት ሁሉ አይበቅልም፤ በሕዋሱ ላይ መቀበያ ማግኘት አለበት። የሰው ኢንፍሉዌንዛ የሚይዘው መቀበያ በአፍንጫና በላይኛው ቧንቧ በብዛት ይገኛል፤ የወፎች ኢንፍሉዌንዛ የሚወደው ዓይነት ግን በሰው ላይ የሚበዛው በሳንባ ጥልቅ ነው። ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፎች ቫይረስ የያዘውን ሰው ክፉኛ እያሳመመ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አለመዛመቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። የኮቪድ ቫይረስ ዝርያ የሆነው ኦሚክሮን በሆንግ ኮንግ ቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ በብሮንካስ ሥጋ ላይ ከቀደመው ዝርያ 70 እጥፍ ያህል በፍጥነት ሲራባ በሳንባው ሥጋ ላይ ግን ቀርፎ ተገኘ። ከፍ ብሎ መቀመጡ ለመዛመት ይመቸዋል፤ የወጣ ትንፋሽ ሁሉ በዚያ ያልፋልና። ስለ ኢንፍሉዌንዛም በ1966 በፈቃደኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ቫይረሱ በረቂቅ ብናኝ ሲሳብ በአፍንጫ ሲንጠባጠብ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ መጠን ሰውን እንደሚይዝ አሳይቷል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። ከጉባኤው ሁለት ሊቃነ መናብርት አንዱ የሆንግ ኮንጉ ዩጉኦ ሊ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ የትልልቅ ጠብታ መንገድ የሚያይለው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ሲሳል ደግሞ ከ50 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚያወራበት ርቀት እንኳ፣ ዋናው መንገድ በትንፋሽ መሳብ ነው። የሊቀ መንበሩ ሥራ ይህን እያለ ሰነዱ ሁለቱን እኩል ማስቀመጡ የሳይንስ ፍርድ ሳይሆን የሽምግልና ስምምነት ይመስላል። ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳያስቀይም ይፈርዳል፤ ተፈጥሮ ግን ባለጉዳይ አይደለችም።

ለሌላው ወገንም ትክክለኛውን መስጠት ይገባል። ሁሉም ቫይረስ አንድ አይደለም። በ1981 በታተመ ጥናት፣ አር ኤስ ቪ የተባለው የሕፃናት ቫይረስ የያዛቸውን ልጆች ካቀፉት 7 ሠራተኞች 5ቱ፣ የልጆቹን ዕቃ ብቻ ከነኩት 10 ሰዎች ደግሞ 4ቱ ተያዙ፤ ራቅ ብለው ከተቀመጡት 14 ሰዎች ግን አንድም አልተያዘም። እጅ መታጠብ ከንቱ ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ። በሌላ በኩል በ1987 በዊስኮንሲን የወጣው ጥናት ስለ ተራው የጉንፋን ቫይረስ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ጤነኞች ከሕሙማን ጋር ካርታ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ግማሾቹ እጃቸው ፊታቸውን እንዳይነካ መከላከያ ታጥቀው ነበር። ፊታቸውን መንካት ከሚችሉት 18ቱ 12፣ ከማይችሉት 18ቱ 10 ያዛቸው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በሕሙማኑ ንፍጥ የተበከለውን ካርታ ወስደው በሌላ ክፍል ከተጫወቱት 12 ጤነኞች ማንም አልታመመም። እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ቫይረሱን በየስሙ መመርመር ነው፤ ሁሉን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በእኩልነት መደርደር አይደለም።

ሰነዱ በትንፋሽ መሳብን ካመነ በኋላ ወዲያው አንድ ማሳሰቢያ ያስከትላል፤ ይህን ስላልን ለእያንዳንዱ ተውሳክ፣ በየትም ቦታ፣ ሙሉው የአየር ጥንቃቄ ይደረግ ማለታችን አይደለም ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። «በአየር» የሚለው ቃል በሆስፒታል ደንብ ውስጥ ውድ ቃል ነው፤ ልዩ የአየር መሳቢያ ያለው ክፍልና ልዩ ጭምብል ያስከትላል፤ ብዙ አገር ይህን አይችልም። ነገር ግን ዋጋው ስለ ከበደ እውነቱን በዝቅተኛ ድምፅ መናገር የድሮውን ስሕተት የወለደው ነገር ነው። ደግሞስ ዋጋው ሁልጊዜ ከባድ ነውን? በ2007 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች የተደረገውን ልኬት እንመልከት። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ በመኪና ኃይል አየር የሚሳብባቸው ልዩ ክፍሎች የሚሰጡት 12 ጊዜ ነው። ከ50 ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት ሕንፃዎች 40 ሲደርሱ፣ ዘመናዊዎቹ 17 ላይ ቀርተዋል። ድሀው ሕንፃ ሀብታሙን በለጠው። ጉባኤው ስለ ቃል እንጂ ስለ እርምጃ እንዲናገር አልተጠራም ቢባል እውነት ነው፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው ምሳሌ ከማሳሰቢያው አጠገብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገባ፣ የሚያስፈራው ቃል ፍርሃቱን ግማሽ ያጣ ነበር።

በእኛ አገር መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ክርክር ነው። በታክሲ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ መስኮቱን ከከፈተ ሌላው «ብርድ ይመታናል» ብሎ ይዘጋዋል። በ2012 ዓ.ም. ታክሲዎች በግማሽ ሰው እንዲጭኑ ታዝዘው ሳለ እንኳ በብዙዎቹ መስኮቱ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ነበር። በእኛ ዘንድ ጉንፋን የሚመጣው ከነፋስ እንጂ ከጎረቤት ትንፋሽ አይደለምና። ይህን ሳናውቅ አዲሱን ቃል ብናስተምር ቃሉ ልማዱን አያሸንፈውም።

አማርኛችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ ጥፋት አለበት። በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚሄደውን በሽታ «አየር ወለድ» እንለዋለን። ይህ ስም ከእንግሊዝኛው ሲተረጐም «የተሸከመ» እና «የተወለደ» የሚሉት በዚያ ቋንቋ በድምፅ ስለሚገጥሙ አንዱ በሌላው የተተካ ይመስለኛል። ወለድ ማለት የተወለደ ነው፤ ከአየር የተወለደ በሽታ የለም። አየር አጓጓዥ ነው፤ በሽታውን የወለደው ሌላ ሳንባ ነው። ስሙ ተራውን ሰው ወደ ጥንቱ ክፉ አየር ይመልሰዋል፤ ያም እምነት በእኛ ዘንድ ሩቅ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ድነዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው የተገኘው በ1933 ነውና ያን ጊዜ የበሽታውን አምጪ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም። እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ሕዝቡ አየሩን መጠርጠሩ ከቻፒን ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የሳተው መድኃኒቱን ነው፤ አየሩን በጢስ ማጠን ሳይሆን መለወጥ ነበረበት።

ስለዚህ ሰነዱ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ «ወለድ» ቢቀር እመርጣለሁ። «በትንፋሽ ተስቦ የሚተላለፍ» የሚለው ረዘም ይላል፤ ግን ማንም ይረዳዋል። ለሁለተኛው መንገድ «ተፈናጥሮ የሚያርፍ» ይበቃዋል። «ጠብታ» የሚለውን ቃል ለሚታየውና ለሚወድቀው ብቻ እንተውለት፤ በመማሪያ ጽሑፎቻችን ላይ ያለውን 5 ማይክሮን ደግሞ ወደ ትክክለኛ ስፍራው፣ የሳንባ ነቀርሳ ባሲል እስከ አየር ከረጢት መድረሱ ወደሚነገርበት ምዕራፍ እንመልሰው።